የመዘውሩ እጀታ

ሰው የሚወደውን ለማየት ሲፈልግ ምክንያት አያጣም፤ የዳኛው ልጅ ግን ምክንያቶቿን በገዛ እጇ ታበጃቸው ነበር። በመጀመሪያ ሞረድ ወደሚሉት ብረት ሠሪ ወጣት መሥሪያ የወሰደችው የበር ቁልፍ በእርግጥም ተሰብሮ ነበር። ቀጥሎ የወሰደችው የአየር ማራገቢያም በእርግጥ ያቃስት ነበር። የድስቱን ክዳን እጀታ ግን በካቻቪቴ ያላላችው እርሷ ራሷ ናት፤ ይህንንም ከካቻቪቴው በቀር ያየ የለም ብላ ታምናለች።

የሞረድ እናት በዚህ ዕድሜያቸው የሚታለሉ ሴት አይደሉም። ክዳኑን ይዛ በግቢያቸው ስታልፍ አይተው፣ «የኔ ልጅ፣ መድኃኒት ቤት እየሠራሽ ያንቺ ዕቃ እንዲህ በየሳምንቱ መታመሙ ምንድን ነው?» አሏት።

«ያረጀ ቤት ነው፣ እማማ።»

«ቤቱስ አርጅቷል፤ በሽታው ግን የወጣት ነው» አሉና ወደ ልብስ ማስጫቸው ተመለሱ።

ሞረድ ስሙ አይደለም። ብረትን ሲሞርድ ሳይቸኩልና ሳያንጫጫ ስለሆነ የሠፈር ሰው ያወጣለት ቅጽል ነው። መሥሪያው ከእናቱ ቤት ጀርባ፣ ዱሮ መኪና ይቆምባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገኛል። መሐሉን የያዘው አሮጌ ቶርኖ ነው፤ ብረቱን ነክሶ ያሽከረክራል፣ ስለቱ የነካውንም እንደ ፀጉር እየጠቀለለ ይልጣል። ግድግዳውን ተጠግቶ በቆመው ጠረጴዛ ላይ ዕቃ አጣብቆ የሚይዘው ሞርሳ ተጠምዷል። ከበላዩ መዶሻው፣ መጋዙና ፒንሳው እያንዳንዳቸው ቅርጻቸው በጠመኔ በተሳለበት ቦታ ተሰቅለዋል። እናቱ ግቢያቸውን ከጠረጉ በኋላ በገመድ ያሰሩትን ማግኔት ወለሉ ላይ እየጎተቱ ይዞሩበታል፤ የብረት ፍቅፋቂ ስንት ጊዜ ጫማቸውን አልፎ ወግቷቸዋልና።

ሞረድ ሙያውን ካስተማሩት ሰው የወረሰው አንድ ደንብ አለው። ከዕቃው ውስጥ ያወጣውን አሮጌ ክፍል አይጥልም፤ ዘይት በጠጣ ወረቀት ጠቅልሎ ከአዲሱ ጋር ለባለቤቱ ይመልሳል። ባለቤቱ ምን እንደወጣና ምን እንደገባ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ከጥቅሉም ጋር በእርሳስ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ትኖራለች፤ «በየጊዜው አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።» ሌላ ሴት የፍቅር ደብዳቤ በምታኖርበት መሳቢያ ውስጥ የዳኛው ልጅ ስለ ዘይት የተጻፉ ወረቀቶችን ታኖራለች።

በዚያ ሳምንት የወሰደችው ዕቃ ግን የውሸት ሕመምተኛ አልነበረም። ለረጅም ዘመን ሲፈርዱ የኖሩት አባቷ፣ ግራ ጎናቸውን በሽታ ከያዘው ወዲህ የሚውሉትም የሚያድሩትም በአንድ የብረት አልጋ ላይ ነው። የአልጋው ራስጌ የሚነሣውና የሚወርደው ከእግርጌው በታች ባለ መዘውር ነው። ማለዳ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት አጎንብሳ ታዞረዋለች፤ አባቷ ቀና ይላሉ። ማታ አጎንብሳ መልሳ ታዞረዋለች፤ አባቷ ይተኛሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ይህን የሠራ ሌላ እጅ የለም። አሁን የመዘውሩ የእንጨት እጀታ ስለተሰነጠቀ፣ በዞረ ቁጥር መዳፏን ይቆነጥጣት ጀምሮ ነበር።

ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ልትወስደው ገባች። የያዘችውም ወሬ ልቧን ከእግሯ አስቀድሞ ያስሮጠው ነበር፤ ስለ ሞረድ ለአባቷ ነግራ፣ አባቷም «እሑድ ይምጣና ልየው» ብለዋታል።

«አለቀ?» አለችው።

«አለቀ።» ጥቅሉን ሰጣት። ጣቶቻቸው ወረቀቱ ላይ ተገናኙ፤ እርሱ ግን እንደ ወትሮው ቀና ብሎ አላያትም።

«አባዬ እሑድ ከሰዓት እንድትመጣ ብለዋል።»

ንጹሑን እጁን ከቆሸሸው ለይቶ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። «እመጣለሁ።»

«ሌላ የምትለኝ ነገር የለም?»

ዓይኖቹ ከቶርኖው በላይ ወደ አንድ ቦታ ሄደው ተመለሱ። «በየጊዜው አንድ ጠብታ...»

«ዘይት ይበቃዋል» ብላ ጨረሰችለት። ስትወጣ ሳቀች፤ መንገዱን አጋምሳ ግን ሳቋ ከየት እንደ መጣ ሳታውቀው ወደ ስጋት ተለውጦ አገኘችው። ለማያየን ሰው ሰበብ መስጠት ቀላል ነው፤ ማየት ለሚፈራን ሰው ግን ምን ይሰጠዋል?

ዳኛው ጥቅሉን በደኅናው እጃቸው ፈቱት። ከአልጋቸው አጠገብ ባለው መስኮት ደፍ ላይ ሞረድ እስከዚያ ቀን የመለሳቸው አሮጌ ዕቃዎች ተደርድረዋል። የቁልፉ የተሰበረ ሞላ፣ የማራገቢያው ቡሽ የሚሉት የተበላ የብረት ቀለበት፣ የምርኩዛቸው ያለቀ የብረት ጫፍ፣ ሁሉም በመጡበት ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ዳኛው ወረቀቱን ገለበጡት፣ አራገፉትም።

«አሮጌውስ?»

«የለም እንዴ?» ልጅቷ ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። «ረስቶት ይሆናል፣ አባዬ።»

«የማይረሳ ሰው ነው እያልሽ አይደል ያሳመንሽኝ?» ወደ መስኮቱ ደፍ ጠቆሙ። «እነዚህን ለጌጥ መሰለሽ ያስቀመጥኳቸው? ምስክሮቹ ናቸው። በደንብ መስክረውለታል፤ ለዚህም ነው እሑድ ይምጣ ያልኩት።»

«ታዲያ ለአንድ እንጨት ብለው...»

«ልጄ፣ ሰው ሲጠረጠር አይለካም፤ ሲጠረጠርማ ሌባም ይጠነቀቃል። ሰው የሚለካው ሲታመን ነው። ይሄ ልጅ ልብሽን ማግኘቱን ሳያውቅ እያንዳንዷን ብሎን ይመልስ ነበር። አሁን ልብሽ ሲገባው፣ ከእንግዲህ ማን ይቆጣጠረኛል አለ። እኔ ድህነቱን ይቅር ብዬው ነበር።»

«ድህነት ይቅርታ የሚጠየቅበት ጥፋት አይደለም፣ አባዬ።»

«አይደለም» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። «ይሄ ግን ነው።»

ወደ እግርጌው ሄደችና አዲሱን እጀታ ገጠመችው። ከናስ የተሠራ፣ ልስልስና የሚያበራ ነው፤ ሲዞርም ድምፅ የለውም። ነገር ግን ወፈራት። ጣቶቿ ዙሪያውን አልደረሱም፣ መዳፏም የባዕድ በር እንደነካ እንግዳ ሆነ። በዚያች ደቂቃ የተሰማት ከአባቷ ወቀሳ ይልቅ መረራት። ይህ ሰው ብረትን በፀጉር ውፍረት ይለካል፤ ስንት ጊዜ ጥቅል ያቀበለውን እጇን ግን አያውቀውም።

ቅዳሜ ስትደርስ ቶርኖው ይዞር ነበር። በሩ ላይ ቆማ፣ ሰላምታም ሳታስቀድም ጠየቀችው።

«የድሮው እጀታ የት አለ?»

ሞረድ ማሽኑን አጠፋ። ድምፁ እስኪሞት ጠበቀ። «ለምን ፈለግሽው?»

«አባዬ ጠየቁ።»

«የለም።»

«የለም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ለመመለስ... የሚሆን ዕቃ አልነበረም።»

«የተሰበረ ሞላ መልሰህልኛል። የተበላ ቡሽ ጠቅልለህ ሰጥተኸኛል። የኔ እጅ የያዘው ሲሆን ነው የማይሆን?»

አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። በሌላ ቀን ይህን ዝምታውን ትወደው ነበር፣ በትሕትናም ትተረጉመው ነበር። ዛሬ ዝምታው ልክ አባቷ እንዳሉት ይመስላል።

«አዲሱም ለእጄ አልሆነም። የማንን እጅ እያሰብክ እንደሠራኸው እንጃ።»

ፊቱ ቀላ። «እሱን እሑድ ልነግርሽ...»

«እሑድ አትምጣ» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግቢውን እስክትሻገር ድረስም አላለቀሰችም። ከውጭው በር ስትወጣ ግን ልቧ፣ ጥርሱ እንዳለቀ ብሎን፣ ቢያጠብቁት የማይጠብቅ ሆኖ ተሰማት።

የሞረድ እናት ማግኔታቸውን እየጎተቱ ወደ መሥሪያው ገቡ።

«ምን አልካት?»

«ምንም።»

«እሱን ነው የምፈራው። አባትህም ምንም እያለ ነው ያቃጠለኝ።» የልጃቸውን ዓይን ተከትለው፣ ሰርቆ ወደሚያይበት ከቶርኖው በላይ ተመለከቱ። በአንድ ሚስማር ላይ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ነገር ተንጠልጥሏል። አወረዱትና ገለጡት። የተሰነጠቀ የእንጨት እጀታ ነው። «ይሄ የማን ነው?»

«የሷ።»

«ሰጥታህ ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ሳይሰጡት የወሰዱት ነገር ስሙ ምንድን ነው? ጥራው።»

መጥራት አልቻለም። እናቱ የልጃቸውን ፊት አዩና ቁጣቸው በመሐል መንገድ ጥሏቸው ሄደ። እጀታውን በጨርቁ መልሰው ሸፍነው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«የሰው ዕቃ መልስ። ልብህን እንኳ እዚያው ጥለኸው ብትመጣ ግድ የለኝም፤ እሱ ያንተ ነው።»

«እሑድ አትምጣ ብላኛለች።»

«እሷን ልታይ አትሂድ። ከባለአልጋው ጋር ተነጋገር። ሸሚዝህን ደግሞ አውልቀው፣ ልተኩስልህ።»

እሑድ ከሰዓት በሩን የከፈተችው እርሷ ናት። የተተኮሰውን ሸሚዝ አየች፤ በትከሻው ያንጠለጠለውን ከባድ ጆንያም አየች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ልትመልሰው ወስና ነበር፤ ግን ይህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ፣ ሳይሸሽ እያያት ነበር። ቃል ሳትናገር ከበሩ ገለል አለች።

ዳኛው ቀና ብለው ተደግፈዋል፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመውታል።

«ተቀመጥ፣ አንተ ልጅ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ቆሜ የምናገረው ነገር ነው።» ጨርቁን ገልጦ እጀታውን አወጣ። «ይህን ሳልጠይቅ ወስጃለሁ። ስትጠይቀኝም የለም ብያታለሁ። የመጀመሪያው ስርቆት ነው፣ ሁለተኛው ውሸት ነው።»

ዳኛው በዘመናቸው ብዙ የእምነት ቃል ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለ ክስ ግን ተከሳሹ ራሱ አቅርቦላቸው አያውቅም።

«ይሄ የተሰነጠቀ እንጨት ምን ይጠቅምሃል? አይሸጥ፣ አይለወጥ።»

«ይጨብጡት፣ ጋሼ።»

ዳኛው በቀኝ እጃቸው ተቀበሉትና ጨበጡት። አልተመቻቸውም፤ አዙረው ያዙት፤ አሁንም አልተመቻቸውም። እንጨቱ ላይ ለአውራ ጣት የሚሆን አንድ ጉድጓድ አለ፤ ከጎኑም አራት ለስላሳ ሸንተረሮች አሉ። ሁሉም ለእርሳቸው ጣቶች ጠባብ ናቸው።

«ፋብሪካ እንዲህ አድርጎ አልሠራውም» አለ ሞረድ። «ይህን ያወጣው እጇ ነው። ስንት ስለት ይዤ እንጨት ፈልፍዬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን ሠርቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው የሰው እጅ ያስቀመጥኩ መሰለኝ። ጠቅልዬው ነበር። እውነቴን ነው፤ ጠቅልዬ መልሼ ፈታሁት።»

የዳኛው አውራ ጣት ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቀረ። መዘውሩ ከአልጋው በታች ስለሆነ እጀታውን አይተውት አያውቁም፤ ማለዳ ማለዳ የሚያዩት የልጃቸውን ያጎነበሰ ራስ ብቻ ነበር። ራሷ ከፍ ዝቅ ሲል፣ እርሳቸው ቀስ እያሉ ከፍ ሲሉ፣ ነገሩ እንደ ፀሐይ መውጣት በራሱ የሚሆን ይመስላቸው ነበር።

«ስንት ማለዳ ቢሆን ነው ይሄ?» አሉ። ማንንም አልጠየቁም። ልጃቸው የበሩን መቃን ተደግፋ፣ እጆቿን ከቀሚሷ ውስጥ የምትደብቅበት እንዳጣች ሁሉ እርስ በርስ ይዛቸዋለች።

ወደ ሞረድ ዞረች። «አዲሱስ? ለምን ለእጄ አልሠራኸውም?»

ሞረድ ወደ ጆንያው ጎንበስ አለ። የተላገ የብረት ዘንግና፣ ከአሮጌ የሱቅ መዝጊያ ላይ የተገኙ ሁለት ጥርሳም ማርሾች አወጣ። «ለእጅሽ ስላልሆነ ነው። መዘውሩን ከእግርጌ ወደ ጎን አመጣዋለሁ፤ ጋሼ በቀኝ እጃቸው፣ ሲፈልጉ ይነሣሉ፣ ሲፈልጉ ይተኛሉ። የመዳፋቸውን ልክ የወሰድኩት ከምርኩዛቸው መያዣ ነው፤ ጫፉን ስለውጥ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ» አለና ወደ ዳኛው ዞረ። «ልጅዎን ልወስድ አልጋዎን አበጀሁ የሚል ይመስላል ብዬ።»

«አይደለም እንዴ?» አሉ ዳኛው።

ሞረድ አሰበ። ዛሬ ከመጣ ወዲህ መዋሸትን ጨርሶ የተወ ሰው ነው። «ነውም፣ ጋሼ።»

ዳኛው ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ሳቅ ቀደማቸው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ወደ መስኮቱም ዞረው ቆዩ።

«አንድ ነገር ልናገር፤ ቤቴ ስለሆነ አታቋርጡኝ። ይሄን ልጅ የፈራሁት ድሀ ስለሆነ አይደለም። እጀታው መጥፋቱንም ሳውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ምክንያት አገኘሁ። እሷ ከሄደች ማለዳ ማን ቀና ያደርገኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። ለሰው ሁሉ ስፈርድ ኖሬ፣ በራሴ ጉዳይ ላይ ዳኛም ጠበቃም ሆኜ ተቀመጥኩ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ከብዶኝ አያውቅም።»

«እንጨቱ ከብዶታል፣ ልጄ» አሉ፤ ጉድጓዱንም በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በሥራ አለፈ። ሞረድ ሸሚዙን እንዳያቆሽሽ የዳኛው ልጅ የወጥ ቤት ሽርጧን አሰረችለት፤ አበባ የተጠለፈበት ነው። ከአልጋው ሥር ተጋድሞ ሲፈታና ሲገጥም፣ ብሎኖቹን በመዳፋቸው የያዙለት ዳኛው ናቸው።

«ትልቁን ያቀብሉኝ፣ ጋሼ።»

«ጥያቄህን በግልጽ አቅርብ። እዚህ ሁለት ትልልቅ አሉ።»

«ከሁለቱ ወፍራሙን።»

«ተፈቅዷል።»

የዳኛው ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ከአልጋው ሥር የወጣ ድምፅና ከአልጋው ላይ የወረደ ድምፅ እንዲህ ሲነጋገሩ፣ ባዕድ ናቸው የሚል ማን ነው? ትላንት ክህደት የመሰላት ዝምታ፣ ዛሬ ሲፈታ፣ የእርሷ ስም ብቻ ነበረበት። ስለ ፈረደችበት ፍርድ አፈረች፤ እፍረቷ ግን እንደ እፍረት አላቀዘቀዛትም፣ አሞቃት እንጂ።

ሞረድ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ቆመ። ራስጌውን ጨርሶ ዝቅ አደረገውና ወደ ኋላ ሸሸ። የናሱ እጀታ ከዳኛው ቀኝ እጅ አጠገብ ያበራል። ጨበጡት፤ ልካቸው ነበር። አንድ ጊዜ አዞሩ፤ ልጃቸው ሳታውቀው ልትረዳቸው ተነሣች።

«ቁጭ በይ» አሏት።

አዞሩ። አልጋው ያለ ድምፅ ከፍ አለ፤ የደከመው ትከሻቸው ከፍ አለ፤ ፊታቸውም ቀስ እያለ ከትራሱ ጥላ ወጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን መጣ። ቀና ብለው ጨርሰው ሲያበቁ ልጃቸውን አዩዋት። ያጎነበሰ ራሷን ሳይሆን ፊቷን፣ ሙሉውን። ለብዙ ጊዜ ሲተያዩ ቆዩ።

በመጨረሻም ዳኛው ምርኩዛቸውን አንሥተው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱ።

«አንድ ጉዳይ ይቀራል። በዚህ ልጅ ደንብ አሮጌው ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል። አልጋው የኔ ነው። ይህን ግን» እጀታውን አነሡት፣ «ይህን የሠራው ሌላ እጅ ነው። ባለቤቱ አንቺ ነሽ። የወደድሽውን አድርጊው።»

ተቀበለቻቸው። አውራ ጣቷ ሳትፈልገው ጉድጓዱን አገኘው፤ ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው በጨለማም ቢሆን የሚገባ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ ሞረድ ሄደች። ዘይት የጠጣውን፣ በሽርጥ ሊጠርገው የፈለገውን እጁን ያዘችና እጀታውን መሐሉ ላይ አኖረችው። ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«አሁን አልሰረቅከውም» አለችው።

ሞረድ የሚናገረው ፈለገ፤ ፍለጋው በፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ሳቀችና አገዘችው። «በየጊዜው አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል?»

«ይሄ እንጨት ዘይት አይፈልግም።»

«ታዲያ ምን ይፈልጋል?»

«መያዝ» አላት። «እንጨት በተያዘ ቁጥር ነው የሚያምረው።»

ዳኛው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ደፍ፣ ወደ ምስክሮቻቸው መለሱ፤ የሚቆጥሩ መስለው። የዳኛው ልጅ እጇን ከእጁ ላይ አላነሣችም፤ በመዳፏ ሥርም የእንጨቱ ሙቀት የእርሷ ይሁን የእርሱ ለመለየት አልሞከረችም።